ምትክ ሕፃን

ፊሊበርት ከሞርቫን ኮረብታ ወርዳ ፓሪስ የገባችው የሰው ልጅ ልታጠባ ነው። የራሷን ልጅ ዜሊን በሦስት ወሯ ለአማቷ ትታ፣ ጡቷን ለማዳም ቬርኖል ልጅ ለጋስቶን ሰጠች። እንዲህ ያለ ቤት ደግሞ ሕግ አለው፦ የአጥቢዋ ልጅ በደጅ ዝር አይልም፤ ወተት ይሻማላ! ሰባት ወር ሆነ። ፊሊበርትን የሚያንገበግባት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ልጄ ረስታኝ ይሆን?

በጸደይ ማዳም ቬርኖል ጋስቶን ከሞግዚቱ ከፊሊበርት ጋር እንዲሳል ፈልጋ ማድሟዜል ኦቤርታንን አስጠራች። ይቺ ሠዓሊ እናትና ልጅ በመሳል ስም ያወጣች፣ ራሷ ግን ያላገባች ያልወለደች፣ ምላሰኛ ሴት ናት።

«ክንድሽስ እዚህ ነው፤ ዓይንሽ የት ሄደ?» አለቻት በሁለተኛው ቀን።

«ይቅርታ እመቤቴ። ሞርቫን ልጅ አለችኝ። የጋስቶን እኩያ ናት።»

ኦቤርታን ብሩሿን አስቀመጠች። ከዚያ ተነሥታ ወደ ማዳም ሄደች።

«ልጅዎ እንደ ቁንጫ ይዘላል። ፊቱን ከእሱ ወስጃለሁ፤ ለገላው ግን ምትክ ሕፃን እፈልጋለሁ። ሠዓሊ ሁሉ የሚሠራው እንዲህ ነው። ሞግዚቷን ጠዋት ጠዋት ወደ ቤቴ ይላኩልኝ።»

«ሕፃኑ ከየት ይመጣል?»

«እሱን ለእኔ ይተዉት።»

በሳምንቱ የፊሊበርት አማት ክሎዲን፣ ኦቤርታን የባቡሩን ዋጋ ልካላት፣ ዜሊን ይዛ የሠዓሊዋ ቤት ደረሰች። ፊሊበርት እጇን ስትዘረጋ ልጅቷ ጮኻ አያቷ አንገት ላይ ተለጠፈች።

«አይዞሽ ልጄ» አለች ክሎዲን። «አባቱ ከዘመቻ ሲመለስ፣ ያንቺው ባል ሕፃን ሳለ አላውቅህም ብሎ በማንኪያ ነው ግንባሩን ያለው!»

ፊሊበርት መሳቅ አቃታት።

ኦቤርታን አልቸኮለችም። ዛሬ የሳለችውን ነገ «አልጣመኝም» ብላ በቢላዋ ፍቃ እንደገና ትጀምራለች። ፊሊበርት ጋስቶንን አጥብታ እየመጣች ዜሊን በሳፋ ታጥባለች፣ ጣቶቿን ትቆጥራለች፣ ታንጎራጉርላታለች። የአራት ቀን ሥዕል ሦስት ሳምንት ፈጀ። ማዳም ቬርኖል ብትነጫነጭ፣ «ሥዕልና እርግዝና አይቸኮሉም» አለቻት ኦቤርታን፣ እርግዝናን የት እንደምታውቀው እንጃ።

በመጨረሻው ቀን ክሎዲን ልጅቷን ብድግ ስታደርጋት፣ ዜሊ የእናቷን ቀሚስ ጨምድዳ ቤቱን በለቅሶ አናወጠችው። ፊሊበርትም አለቀሰች፤ ፊቷ ግን በርቶ ነበር።

«ይሰማሉ እመቤቴ? ለእኔ ነው! ለእኔ ነው የምታለቅሰው! እግዜር ይስጥልኝ፤ ውለታዎን በምን እከፍላለሁ?» ብላ የሠዓሊዋን እጅ ልትስም ጎንበስ አለች።

ኦቤርታን እጇን ነጠቀች። «ተይ፣ ቀለም ነው። ደግሞስ ማን አለቀ አለሽ? እግሯ ገና ነው። እማማ፣ በሚቀጥለው ወር መልሰው ያምጧት።»

ፊሊበርት ቀና ብላ ሥዕሉን አየችው። ሁለቱም እግሮች ተስለው አልቀዋል፤ አንድ ጥፍር እንኳ አልጎደለም።