አስራ አንድ ጊዜ የተለጠፈው ጎማ

4.

አባቴ አሁንም የኮቱን የላይኛውን ቁልፍ ቆለፈ።

«አባዬ፣ ፎቶ አይደለም እኮ። ዝም ብለህ ሥራህን ሥራ።»

«እሺ።»

እጆቹን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ሌንሱን ትክ ብሎ አየ።

1.

ከዚህ መጀመር ነበረብኝ። ደክሞኛል፤ ይቅር በሉኝ።

አባቴ ጋሽ እንግዳ አዳማ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ጎሚስታ ነው። እኔ ስንዱ የፊልም ተማሪ ነኝ። እስከ ዓርብ የአምስት ደቂቃ ፊልም ካላስገባሁ ዓመቱን እደግማለሁ። ካሜራው ለስድስት ተማሪ አንድ ነው። የእኔ ቀን ረቡዕ ብቻ ነው።

2.

የመምህርት ሰናይት መመሪያ፣ ከደብተሬ፦

ክርንሽን ከጎንሽ አጣብቂ።
ስትቀርጪ ትንፋሽሽን ያዢ።
ቀዩ ነጥብ ካልታየሽ እየቀረጽሽ አይደለም።

ከሦስተኛው ሥር ሁለቴ አስምሬያለሁ። ማስመርና ማስታወስ ግን ለየቅል ናቸው።

3.

ቀረጻ አንድ፦ አባቴ ከላማዳሪውን፣ የጎማውን የውስጥ ላስቲክ፣ ውሃ ውስጥ ነከረ፤ አረፋ ወጣ፤ ቀዳዳውን አገኘና ለጠፈ። ክርኔን ከጎኔ ማጣበቅ ረሳሁ።

ቀረጻ ሁለት፦ የለጠፈውን ላጠና እንደገና ለጠፈ። ጥላዬ ምስሉ ውስጥ ገባ።

ቀረጻ አምስት፦ ሌንሱን አየ።

ቀረጻ ስምንት፦ ሌንሱን አየ።

ቀረጻ አስር፦ ሌንሱን አይቶ፣ «አሁንስ ደህና ነው?» አለኝ።

5.

ቀረጻ አስራ አንድ።

አባቴ ሌንሱን ረሳው። እያንጎራጎረ ነከረ፣ እያንጎራጎረ ለጠፈ። ቀኑን ሙሉ ከቀረጽኩት ሁሉ ምርጡ እሱ ነበር።

የለም።

የዛለ አውራ ጣቴ ቁልፉን ሁለቴ ተጭኖት ኖሯል። ካሜራው ጀመረ፤ ወዲያው ቆመ። ስጨርስ «ላቆም» ብዬ ስጫን ደግሞ ጀመረ። እኔ ምን አውቄ? የጎማ ክምር ላይ አስቀምጬው ውሃ ልገዛ ሄድኩ።

6.

ሐሙስ ጠዋት፣ ኤዲቲንግ ክፍል።

ምስሉ፦ አንድ ባልዲ። የሁለት ሰው እግር፤ የአባቴና ጎማ ሊያስለጥፍ የመጣ ሹፌር።

ድምፁ፦

ሹፌር፦ ጋሽ እንግዳ፣ ልጅዎ ምንድን ነው የምትማረው?

አባቴ፦ ሰው ሲጠይቀኝ አካውንቲንግ ነው የምለው።

ሹፌር፦ (እየሳቀ) ታዲያ ይሄ ካሜራ ምንድን ነው?

አባቴ፦ እኔ እንጃላት። አንዱን ጎማ አስራ አንድ ጊዜ አስለጠፈችኝ። ወገቤ አለቀ።

ሹፌር፦ እምቢ አይሏትም እንዴ?

አባቴ፦ እንዴት ብዬ? እናቷ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ትኩር ብሎ ያየኝ ሰው የለም።

7.

አለቀስኩ።

ከዚያ ርዝመቱን አየሁ፤ አራት ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ። ልክ ለፊልሙ የሚበቃ። እውነቱን ልናገርና፣ እንባዬ ሳይደርቅ ነው ያየሁት።

8.

ከሰዓት በኋላ ድምፁን በስልኬ ይዤ ሱቁ ሄድኩና ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረግኩለት። እስከ መጨረሻው ሰማ። ከፊቱ ምንም ካሜራ የለም፤ እሱ ግን የኮቱን የላይኛውን ቁልፍ ቆለፈ።

ቅጹን ሰጠሁት።

የፈቃድ ቅጽ
ስም፦ እንግዳ ወልደጻድቅ
ሥራ፦ ጎሚስታ
ድምፄ ፊልሙ ውስጥ እንዲገባ፦ እፈቅዳለሁ / አልፈቅድም (የማይፈልጉትን ይሰርዙ)
ፊርማ፦

9.

እስክሪብቶውን ያዘ፤ አልፈረመም።

«ስንዱ።»

«አቤት አባዬ።»

«ካሜራው ባይኖር ኖሮ ታዪኝ ነበር?»

10.

መልስ፦ ..............................