እስክትጨርስ ጠብቋት

«ትገባለች፤ እንቢ ካለችም እግሯን ፈትተን እናስገባታለን» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ፣ የስፌት መኪናዋን ወርድ በስንዝሯ እየለካች።

መጋረጃ ሰፊዋ የሻይ ትሪ ይዛ ከጓዳ ስትወጣ ነው የደረሰችባት። ለቅሶ ቤት ውስጥ ብዙ ነገር ይለካል፤ ማን ቀድሞ መጣ፣ ማን ከልቡ አለቀሰ፣ ማን ለወጉ ብቻ ዓይኑን አሸ። ስፌት መኪና በስንዝር ሲለካ ግን አይታ አታውቅም። ትሪውን እንደያዘች ቆመች።

«ምን... ምን...»

«ምን እያደረግሽ ነው ልትዪኝ ነው? አይዞሽ የኔ እናት፣ እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የምይዝልሽ። ልጄ ስፌት ልትጀምር ነው። አንቺ ደግሞ ወንድምሽ ቤት ስትገቢ ይቺን ብረት ተሸክመሽ አትሄጂ።»

«ማን... ነው የሚሄደው?»

የዳቦ ጋጋሪዋ ፊት በሐዘኔታ ቀለጠ። ጆሮው ለከበደ ሰው እንደሚናገር ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየቆረጠች፣ «አንቺ! ወደ ወንድምሽ! እማማ ተናዝዘው የለም እንዴ? ረሳሽው?» አለቻት።

መጋረጃ ሰፊዋ አልረሳችም። የሚረሳ ነገር አልነበረማ። አማቷ እንዲህ ያለ ኑዛዜ አልተናዘዙም።

ነገሩ ወዲያው ገባት። በቀብሩ ዕለት ጠዋት ወንድሟ ትከሻዋን ይዞ፣ «መጨረሻ ላይ ምን አሉሽ?» ብሎ ጠይቋት ነበር። «ሂጂ አሉኝ» አለችው። «ወደ... ወደ...» ብላ የሚቀጥለውን ቃል ስትፈልግ እንባው ዱብ ዱብ አለና፣ «ወደ እኔ! ወደ ጋሼ ሂጂ አሉሽ! ነፍሳቸውን ይማር!» ብሎ ደረቱ ላይ ለጠፋት። ሰው ደረቱ ላይ ተለጥፎ ብዙ አይናገርም። ወዲያው ደግሞ ሬሳው ወጣ፣ ለቅሶው ቀለጠ፣ ቃሉም አፏ ውስጥ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ወንድምዬው ለመጣው ለቅሶ ደራሽ ሁሉ ሲያወራው ኑዛዜው አድጓል። መጀመሪያ «ሂጂ» ብቻ የነበረው፣ «ለእሱ እንጂ ለማን አምኜ እሰጥሻለሁ» የሚል ተጨመረበት። በትናንቱ ወሬው ደግሞ አሮጊቷ እጁን ይዘው ነበር የለመኑት። እሱ እማማ ሲያርፉ ሌላ ሰፈር ተማሪ እያስነዳ ነበር፤ ግን ማን ይጠይቀዋል?

ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። እንዲያውም ደግነቱ ነው የሚያስቸግረው። የመኪና መንዳት አስተማሪ ነው። የሚያስተምርባት መኪና በእሱም በኩል ፍሬን አላት፤ ተማሪው መሪ ይዞ ሳለ እሱ ይረግጣል። ዕድሜ ልኩን ሰው ሳይሳሳት በፊት ሲረግጥ ስለኖረ፣ ከሥራ ውጪም እግሩ አያርፍም። እህቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ስትጀምር ይደነግጥና ይረግጥባታል። ቤቱ የኋላ ክፍል አዘጋጅቶላት፣ ቀለም ቀብቶ፣ አልጋ ዘርግቶ ጨርሷል። «ቁጭ ብለሽ ትበያለሽ» ይላታል፣ ትልቅ ስጦታ እንደሚሰጥ ሰው።

መጋረጃ ሰፊዋ ግን ቁጭ ብሎ መብላት ምን እንደሆነ ታውቀዋለች። አንድ ሰሞን ሞክራዋለች።

ከመሰላል ላይ የወደቀችው የአንድ መሥሪያ ቤት መጋረጃ ስትሰቅል ነው። ጭንቅላቷን ተመትታ፣ ከሆስፒታል ስትመለስ ቀኝ እጇ እንደ ሰው ዕቃ ጎኗ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ቃላቱም ቦታ ተለዋውጠዋል፤ መቀስ ለማለት ውሃ፣ ውሃ ለማለት ሐሙስ ትላለች። ባሏ ቀደም ብሎ በሕመም ስለሞተ ቤቱ ውስጥ የቀሩት እሷና አማቷ ነበሩ። የሆስፒታሏ የንግግር ባለሙያ ለአማትየው ብዙ ነገር አስረዳቻቸው። እማማ ከዚያ ሁሉ አንዱን ብቻ ይዘው ወጡ። «እስክትጨርስ ጠብቋት።» ቤት ሲደርሱ ሕግ አደረጉት።

ሕግ ሲባል ደግሞ የእማማ ሕግ ነው። ጎረቤት ሊጠይቅ መጥቶ፣ እሷ አንድ ቃል ስትፈልግ ደንግጦ ሊያቀብላት ሲል፣ አሮጊቷ ምርኩዛቸውን መሬቱ ላይ ቋ! ያደርጉታል። «የራሷን ታምጣ!» እንግዳው ሻዩ ትን ይለዋል። አንድ ቀን ሾርባ ቀርቦላት ማንኪያ የሚለው ቃል ጠፋት። በጣቷ ብታሳይ እማማ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። ሾርባው ቀዘቀዘ። አሞቁት። ደግሞ ቀዘቀዘ። ዳቦ ጋጋሪዋ በዚያው ሰዓት ትኩስ ዳቦ ይዛ ገብታ ይህን አየችና እያለቀሰች ወጣች። በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ «ልጃቸውን ቀበሩ፣ አሁን ደግሞ ምራታቸውን በቁሟ ሊቀብሩ ነው» አለ።

ሰፈሩ ያላየው ነገር ግን ነበር። ጠዋት ጠዋት አሮጊቷ የልብስ ቁልፎችን ሁሉ አንድ ሳህን ላይ ይደፉላትና በቀኝ እጇ በየመልካቸው ያስለይዋት ነበር። ትልቁን ከትንሹ፣ ጥቁሩን ከነጩ ለይታ፣ ላብ በላብ ሆና ስትጨርስ እማማ «ጎሽ» ይሉና መልሰው ይደባልቁታል። አንድ ቀን እንደዚሁ ሲደባልቁት ደሟ ፈላ።

«ምን ዓይነት ክፉ ሴትዮ ነዎት! ሁለተኛ ቢደባልቁት ራስዎ ይለቅሙታል!»

አሮጊቷ ምርኩዛቸውን ጥለው ተነሱና ግንባሯን ይዘው ሳሟት። «ንግግርሽ ሙሉ ነው! ጫፉ እንኳ አልተተረተረም! በይ እስኪ ድገሚኝ፣ ስደቢኝ የኔ ልጅ!» ሁለቱም መሬት ላይ ቁጭ ብለው እስኪያማቸው ሳቁ።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ ስፌት መኪናዋ የተመለሰችው። የመጀመሪያዋ መጋረጃ አንዱ ጫፏ ወለሉን ሲስም ሌላው ጉልበት ላይ ቀረ። ልትተረትራት ስትል እማማ ነጥቀው የራሳቸው መስኮት ላይ ሰቀሏት። «አጋደለች እኮ» ላለ ሰው ሁሉ፣ «ያንተ ዓይን ነው ያጋደለው» የሚል መልስ ነበራቸው። ቀስ በቀስ ጠርዙ ቀና፣ ሽንሽኑ እኩል ሆነ፣ ሱቋ ተከፍቶ ደንበኛው ተመለሰ። መሰላሉን ሌላ ሰው ይወጣል እንጂ ልኬት የሚወስደው፣ የሚቆርጠው፣ የሚሰፋው የእሷ እጅ ነው። ቃላቱም መጡ፤ አንዳንዶቹ ብቻ እንደ ኩሩ እንግዳ ዘግየት ብለው ይገባሉ።

ዛሬ ታዲያ ከሰዓት በኋላ ሳሎኑ በለቅሶ ደራሽ ሞላ። ከመስኮቱ ሥር ሁለት ሴቶች አፍ ለአፍ ገጥመዋል።

«አፈሩን ያቅልላቸውና፣ አንድ ብርጭቆ አያቀብሏትም ነበር።»

«ምን ታደርጊዋለሽ፤ አሁን እንኳ ተገላገለች።»

ሰማቻቸው። እንዲህ ሲባል ደግሞ ከወንድሟ ቤት ከመግባት የባሰ ነገር ሆነባት። ዝም ካለች አሮጊቷ በክፉ ስማቸው ተቀብረው ሊቀሩ ነው። ወንድሟ በዚህ መሀል ጉሮሮውን ጠርጎ ተነሳ።

«እንግዲህ ወገኖቼ፣ በኑዛዜው መሠረት ነገ ዕቃዋን...»

ቋ!

ሁሉም ዞረ። መጋረጃ ሰፊዋ የአማቷን ምርኩዝ በቀኝ እጇ ጨብጣ ቆማለች።

«ጋሼ፣ ተቀመጥ።»

ተቀመጠ።

«እማማ ሂጂ... ያሉኝ... ወደ...»

የወንድሟ አፍ ተከፈተ። ምርኩዙ ከመሬት ከፍ አለ። አፉ ተዘጋ።

እዚያ ቤት የነበረ ሰው ያንን ዝምታ አይረሳውም። ሻይ የሚያማስሉት ማማሰላቸውን አቆሙ። ቧንቧ ሠራተኛው ጎረቤቷ ላቡን ጠረገ። ዳቦ ጋጋሪዋ የማታውቀውን ቃል ለማቀበል ከንፈሯ ሲንቀጠቀጥ በመዳፏ አፈነችው። መጋረጃ ሰፊዋ አልቸኮለችም። ዓይኗን ጨፍና፣ የጠፋ መርፌ እንደሚፈልግ ሰው፣ ውስጧን ዳበሰች።

«...ሱቅሽ!»

አንዱ ትንፋሹን ለቀቀ።

«ወደ ሱቅሽ። እሱን ነው ያሉኝ። ትንፋሽ አጥሯቸው ነበር። እሳቸውም ቃሉ ጠፋባቸው። እኔ... አውቄዋለሁ፣ ምላሴ ላይ ነበር። ግን አላቀበልኳቸውም። ጠበቅኳቸው፤ እንደጠበቁኝ። ቆይተው፣ ‹ወደ ሱቅሽ ሂጂ፣ ደንበኛ ቆሟል› አሉኝ። እውነትም በሩ ላይ ሰው ቆሞ ነበር። ሄጄ ልኬቱን ወስጄ ስመለስ... አርፈዋል።» ወደ መስኮቱ ዞረች። «ብርጭቆ አላቀበሉኝም። እጄን ነው የመለሱልኝ።»

ከወደቀች ወዲህ በአንድ ትንፋሽ ይህን ያህል ተናግራ አታውቅም። ከመስኮቱ ሥር ያሉት ሴቶች ማልቀስ ጀመሩ፤ ይሄኛው ለወጉ አልነበረም። ዳቦ ጋጋሪዋ ቀስ ብላ ሄዳ የስፌት መኪናዋን ልብስ አለበሰቻትና፣ «ስንዝሬም ትንሽ ናት፤ ልክ አልለካሁም» አለች።

ወንድሟ ጆሮው ቀልቷል። «ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«መች አስጨረስከኝ?»

በለቅሶ ቤት አይሳቅም ይባላል። ተሳቀ። እሱም እንባውን እየጠረገ ሳቀ፤ ግን ልቡ አላረፈም። «እህት ዓለም፣ ብቻሽን ሆነሽ ብትወድቂስ?»

«ስወድቅስ መች ብቻዬን ነበርኩ? ቢሮ ሙሉ ሰው ቆሞ ያይ ነበር።»

እሷም ምርኩዙን ሳሎኑ ጥግ ባለው ባዶ የእማማ አልጋ ላይ አጋደመችው፤ እንደሚተኛ ሰው ራስጌውን አስተካክላ፣ ብርድ ልብሱን እስከ እጀታው ሳበችለት። ከዚያ ሜትሯን አንስታ በጥቁር ልብሷ ላይ፣ አንገቷ ዙሪያ አጠለቀችው።

ወንድሟ ከሳሎን ወደ ሱቁ የሚያስገባውን በር ተደግፎ እንደተቀመጠ ሜትሩን አየ፣ እሷን አየ፣ እንግዶቹን አየ።

«እሺ ተሸነፍኩ» አለ። «ሱቁን ግን መቼ ልትከፍቺው አስበሻል?»

«አንተ ከበሩ ላይ ስትነሳልኝ።»