አፍንጫዬ የታሰረበት ቀን

እኛ የሂንዱ ልጆች ክረምቱን በምናሳልፍበት ካምፕ አበባ ማሽተት ነውር ነው። ሜዳ ላይ የበቀለውን ሲያሸት የሚውል ይዋል፣ ማንም አይናገረውም። ለአምላካችን ለክሪሽና ጉንጉን የተቀጠፈውን ግን ከእሱ ቀድሞ ያሸተተ ሰው፣ ለእንግዳ የቀረበ ሳህን ውስጥ ጣቱን እንደ ሰደደ ይቆጠራል። ስለዚህ አበባ የምንጎነጉን ልጆች አፍና አፍንጫችንን በመሐረብ እንሸፍናለን። ሁላችንም፣ ከእኔ በስተቀር።

እኔ አላሸትም። በኮሮናው ጊዜ ጥቂት ቀን አተኮሰኝና ተሻለኝ፤ ሽታ ግን እንደ ወጣ ቀረ። «ይመለሳል» አሉን። እናቴ በየማለዳው ቅርንፉድ አፍንጫዬ ሥር ትይዝና ዓይን ዓይኔን እያየች «አሁንስ?» ትለኛለች። «ምንም» እላታለሁ። ባለፈው ዓመት ሐኪሙ ከእንግዲህ ብዙ ተስፋ ባታደርጉ ይሻላል ካለን ወዲህ ቅርንፉዱን ትታዋለች። ዓይን ዓይኔን ማየቱን ግን አልተወችም።

ምግብ ሁሉ እርጥብ ወረቀት ሆኖብኛል። ይሁን፣ እሱ ይለመዳል። የማይለመደው የራስን ጠረን አለማወቅ ነው። ልብሴ ይሸት እንደሆነ፣ አፌ ይሸት እንደሆነ፣ ሰው አጠገቤ ሲቀመጥ ምን እንደሚያስብ አላውቅም። አሥራ አምስት ዓመት ሞልቶት የሚያውቅ ሁሉ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ትምህርት ቤት ውስጥ ሁልጊዜ መስኮት አጠገብ የምቀመጠው ለዚህ ነው።

በካምፑ ግን ትሩፕቲ ነበረችኝ፤ ከላይኛው አልጋ የምትተኛዋ። በመጀመሪያው ቀን ችግሬን ስነግራት ከት ብላ ሳቀችና «በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ አፍንጫሽ እኔ ነኝ» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ጠዋት አንገቴ ሥር ገብታ እንደ ውሻ አሸተተችኝና ፍርዷን ሰጠች። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አላጓደለችም።

የመጨረሻው ቀንም እንደዚሁ ጀመረ። ደወሉ ተደወለ፣ ጉም የፔንስልቬንያን ኮረብታዎች እንደ ሸፈነ ነው፣ እኔ ታጥቤ መጥቼ አልጋዋን እነቀንቃለሁ።

«ትሩፕቲ፣ ተነሺና አሽትቺኝ።»

«ኧረ በፈጠረሽ! ገና ዓይኔን አልገለጥኩም እኮ።»

«በዓይንሽ ነው እንዴ የምታሸቺው? ዛሬ እናቴ ትመጣለች፣ በደንብ አሽትቺ።»

ተንጠልጥላ አሸተተችኝ። «ሳሙና። ደግሞ ሳሙና። ከእኔ በስንት ጣዕምሽ! እኔማ ትናንት ጋጣ ስጠርግ ከዋልኩ በኋላ ከናንዲኒ ጋር መንታ ሆኛለሁ።»

ናንዲኒ ላም ናት፣ ስለ እሷ ትንሽ ቆይቼ እናገራለሁ።

ጸሎታችን የድሮው የድርቆሽ ቤት ውስጥ ነው። ጸሎቱ ሲያበቃ ስዋሚጂ፣ ካምፑን የሚመሩት መነኩሴ፣ እያንዳንዳችንን ዛሬ ስለ ምን እንደምናመሰግን ይጠይቁናል። እኔ ክረምቱን ሙሉ ስለ እርጎው አመሰግናለሁ እያልኩ ነው ያሳለፍኩት። እርጎ አይጣፍጠኝም፤ ብቻ አጭር መልስ ነው። የዚያን ዕለት ጠዋትም ስለ እርጎው አመሰገንኩ። ስዋሚጂ ፈገግ ብለው አለፉኝ።

ከቁርስ በኋላ ወደ አበባው ሄድን። የአበባ ሥራ አለቃችን አክስቴ ሱሎቻና ናቸው። የሥጋ ዘመዴ አይደሉም፣ በካምፓችን ትልቅ ሴት ሁሉ አክስት ናት። ፒትስበርግ ከተማ ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል፤ ከመሪው ቢነሡም ከሹፌርነቱ አልወረዱም። «ያልተሳፈረ ይቀራል!» ሲሉ መቶ ሕፃን በአንድ ጊዜ ይሮጣል። አላሸትም ብዬ የነገርኳቸው ዕለት እንደ ሌላው ሰው ከንፈራቸውን አልመጠጡልኝም። እጃቸውን አጨበጨቡ እንጂ። «እሰይ! ስንት ዓመት ሙሉ ስፈልግ የነበርኩትን ጎንጓኝ አገኘሁ! ብትፈልጊ እንኳን ማጥፋት የማትችይ!» አሉና መሐረቡን ከእጄ ቀሙኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የጎደለኝ ነገር ሹመት አስገኘልኝ። ስላልታሰርኩ እኮራ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር በጣም እኮራ ነበር።

በሕጋቸው ቀልድ አያውቁም። ባለፈው ሳምንት አንድ ትንሽ ልጅ አንዲት ጽጌረዳ ስላሸተተ ቅርጫቱን እንዳለ ለናንዲኒ ደፉላት። በዚያ ክረምት ከእኛ ሁሉ ይልቅ አበባ የጠገበች እሷ ናት።

የመጨረሻው ቀን ጉንጉን ከክሪሽና ሐውልት ትከሻ እስከ እግሩ ይወርዳል። ወላጆች የሚያዩት እሱን ነው። ስለዚህ ከአትክልቱ ስፍራ ጽጌረዳውንም፣ ጃስሚኑንም፣ ብርቱካናማውንም አበባ አንድ ሳናስቀር ለቅመን ከሜፕል ዛፉ ሥር ተቀመጥን። ልጆቹ ሁሉ ፊታቸውን በመሐረብ አስረው ባንክ ሊዘርፉ የተሰበሰቡ ይመስላሉ። በየአበባው መካከል ቱልሲ ይገባል፤ የበሶብላ ታናሽ እህት የመሰለች ቅጠል ናት። የእኔ ሥራ ቱልሲዋን በጥፍሬ እየቀነጠብኩ መስፋት ነበር።

ጉንጉኑ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው አንድ ሰው ከኋላዬ የጠራኝ መሰለኝ። ዞር አልኩ። ማንም የለም። መልሼ አንዲት ቅጠል ቀነጠብኩ፤ አሁንም ያ ነገር መጣ። ድምፅ አልነበረም። ሹል ነው፣ ትንሽ ይፋጃል፣ በግንባሬ በኩል ወደ ውስጥ ይገባል። ጣቴን ወደ ፊቴ ሳስጠጋው በረታ።

ሽታ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን አስቤ አላደረግኩትም። ጉንጉኑን በሁለት እጄ አንሥቼ ፊቴን ቀበርኩበት። ጽጌረዳው መጣ። ጃስሚኑ መጣ። አፈሩ ሳይቀር መጣ። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። እስክጠግብ ማግኩት፣ ግን አልጠገብኩም።

ቀና ስል ምን እንዳደረግኩ ገባኝ። አክስቴ ሱሎቻና ጀርባቸውን ሰጥተው ክር ይቆርጣሉ። ትሩፕቲ ከመርፌዋ ጋር ትታገላለች። ማንም አላየኝም። ቢያዩኝስ? የማታሸተዋን ልጅ አሸተተች ብሎ የሚጠረጥር ማን ነው? ከበሩ በኩል የወላጆች መኪና መድረስ ጀምሯል። ዝም ብል ጉንጉኑ ይደርሳል፤ ከአምልኮው በኋላ «አሁን ገና ተመለሰልኝ» ብል ሁሉም እልል ይላል። ይህን ሁሉ አሰብኩ፣ አልዋሽም። በክሪሽናም ተናደድኩበት። ይህን ሁሉ ጊዜ አስጠብቀኸኝ፣ ከቀን ሁሉ ዛሬ? ከአበባ ሁሉ የአንተን?

ግን የጠፋብኝን ያመጣልኝን በዚያው ደቂቃ ላታልለው አልሆነልኝም። ደስታዬ በውሸት ተለውሶ እንዲቀርብኝ አልፈለግኩም።

«አክስቴ» አልኩ።

«ምን ሆንሽ? መርፌ ወጋሽ?»

«ሸተተኝ።»

«ምን አልሽ?»

«ቱልሲዋ ሸተተችኝ። ከዚያ ፊቴን ከተትኩበት። ጉንጉኑን በሙሉ አሸተትኩት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ትሩፕቲ መርፌዋን ጣለች። «ውሸታም! ልትጫወቺብን ነው!»

አክስቴ ሱሎቻና መጥተው ፊት ለፊቴ ተንበረከኩ። «ዓይንሽን ጨፍኚ» አሉኝ። ጨፈንኩ። መዳፋቸውን አፍንጫዬ ሥር ያዙልኝ።

«ዝንጅብል» አልኩ። «እና… አላውቅም… የመኪና ዘይት?»

መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት። «ጠዋት ትራክተሩ አልነሣ ብሎ እሱን ስጠግን ነበር» አሉ። ያ መቶ ሕፃን የሚያስሮጥ ድምፃቸው ተሰብሮ ነበር። ጭንቅላቴን ደረታቸው ላይ አስጠግተው ከላይ ሳሙኝ፣ ደጋግመው ሳሙኝ።

ከዚያ ጉንጉኑን አዩት።

«አክስቴ፣ በናትዎ፣ ለዛሬ ብቻ!» አለች ትሩፕቲ። «ተአምር እኮ ነው የሆነው!»

«ተአምር መሆኑን ማን ካደ? ተአምር ሲሆን ሕግ ይቀራል ያለሽ ማን ነው?» ጉንጉኑን አንሥተው የሜፕሉ ቅርንጫፍ ላይ ሰቀሉትና ወደ እኔ ዞሩ። «ለናንዲኒ አልሰጠውም። እናትሽ ስትመጣ አንገቷ ላይ ታደርጊላታለሽ፤ የእሷ ነው። ለእሱ ሌላ እንሠራለን። በሉ ተነሡ፣ ያልተሳፈረ ይቀራል!»

«አበባ የት አለና?» አለ አንድ ልጅ።

«ኮረብታው ሁሉ ምንድን ነው?»

ሁሉም ሊሮጥ ሲነሣ እኔን ክንዴን ያዙኝ። ከኪሳቸው ንጹሕ መሐረብ አውጥተው አጠፉት፣ ደግመው አጠፉትና አፍንጫዬ ላይ ጥብቅ አድርገው አሰሩልኝ። «ሹመትሽ ተሽሯል» አሉኝ። «ከዛሬ ጀምሮ እንደ ማንኛችንም ነሽ።» እንደዚያ የሚያስደስት ሽረት በሕይወቴ አላየሁም።

ከብቶቹ የሚግጡትን ሮዝ የሜዳ አበባ፣ የመንገድ ዳር ነጫጩን፣ ከጓሮው የዱባ አበባ ሳይቀር ለቅመን መጣን። ሃያ እጅ በአንድ ክር ላይ ተረባረበ። እየሰፋሁ ግን ሌላ ነገር ይበላኝ ጀመር። በመሐረቡ ውስጥ ምንም አይሸተኝም። ጨርቁ ወፍራም ስለሆነ ነው? ወይስ ያ ነገር መጥቶ ሄደ? ለአንድ ደቂቃ ብቻ ተሰጥቶኝ ቢሆንስ?

«ትሩፕቲ፣ ትንሽ ገለጥ ላድርገው? ሰው አያይም።»

«አፍንጫሽን ላሺ!» አለችኝ። ግን ወዲያው ጠጋ ብላ ትከሻዋን ከትከሻዬ ጋር አጋጠመች። «ለእናትሽ ምን ልትያት ነው?»

«ምንም። አንቺም ዝም በይ። ጠፍቶ ከሆነ ሁለተኛ እንድታለቅስ አልፈልግም።»

በድርቆሽ ቤቱ ውስጥ መጋረጃው ሲከፈት ክሪሽና የዱባ አበባ ለብሶ ቆሟል። ከወላጆቹ በኩል ጉርምርምታ ተሰማ፤ ከዚያ ጉርምርምታው ወደ መዝሙር ተለወጠ። ጉንጉኑ ጠማማ ነበር፤ አንዱ ወገን ከሌላው ይረዝማል። ከዚያ በፊት የሠራናቸውን ሁሉ ባስታውስ የምወደው እሱን ነው። በሕዝቡ መካከል እናቴን ፈለግኳት፤ አልደረሰችም።

አምልኮው ሲያበቃ አበባው ለእኛ ተመለሰ፤ አሁን በረከት ነው፣ ይሸተታል። አክስቴ ሱሎቻና አንድ የዱባ አበባ ይዘው መጡና በአንድ እጃቸው መሐረቤን ፈቱልኝ። «አሁን ተፈቅዷል።»

አበባውን አስጠጋሁት። ሳብኩ። እንደገና ሳብኩ።

«ምንም» አልኩ።

ፊታቸው ወደቀ፤ ግን እጄን አልለቀቁም። «የዱባ አበባ ድሮም አይሸትም» አሉኝ፣ ራሳቸውም ሳያምኑበት። ቢሆንም፣ እውነቴን ነው፣ ያቺን አንዲት ቱልሲ አሰብኩና ስለ እሷም አመሰገንኩ። አንድ ጊዜ ማንም ከሚሰጠኝ በላይ ተሰጥቶኛል።

በሩ ላይ ግርግር ሆነ። እናቴ ናት፤ ጫማዋን እያወለቀች፣ የሳሪዋን ጫፍ እየረገጠች፣ ሰውን ሁሉ ይቅርታ እየጠየቀች። «መንገዱ ተዘጋግቶ ነው! ውይ፣ አለፈኝ?» ብላ እቅፍ አደረገችኝ። አፍንጫዬ አንገቷ ሥር ተወሸቀ።

እንደዚያ ሆኜ ቆየሁ። ከዚያ በረጅሙ ሳብኩ፣ ደግሜም ሳብኩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። በካምፑ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አይበላም፤ እናቴም እሑድ ስትደውል «እኛም ቤት ካንቺ ጋር እየጾምን ነው፣ አንድ ፍሬ አልቀመስኩም» ብላኛለች።

«እማ» አልኳት፣ አንገቷን ሳልለቅ። «በመንገድ ላይ ምን በላሽ?»

«እኔ? ሙዝ።»

«እማ።»

«ሙዝ አልኩሽ እኮ! ሙዝና ውሃ።»

«ነጭ ሽንኩርት በልተሻል።»

«ወንድምሽ ነው አይደል? ያ ወሬኛ! እንዳትነግራት ብዬው ነበር እኮ፣ መቼ አግኝቶሽ ነው…» አለችና አፏ ተከፍቶ ቀረ። ወንድሜ ገና መኪናው ውስጥ ነው። ትከሻዬን ይዛ ከራሷ አራቀችኝ፤ እንደዚያ እንደ ቅርንፉዱ ማለዳ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«አሁንስ?» አለችኝ።

«ፒዛ» አልኳት። «ዳሩ ያረረ።»

እናቴ እዚያው ወለሉ ላይ፣ በሳሪዋ፣ ቁጭ አለች።