የራሰው ገመድ

ጡረታ የወጣ ሰው ሁለት ነገር ይበዛበታል፤ ጊዜና ጥያቄ። አቶ መንበሩ ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ የግብርና ባለሙያ ሆነው ሲሠሩ ጠያቂው አለቃ፣ መላሹ እሳቸው ነበሩ። አሁን ፍኖተ ሰላም ዳር ካለችው ቤታቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠው በተራቸው ይጠይቃሉ። ሦስት መንግሥት ሲሄድና ሲመጣ አይተዋል፤ ለሦስቱም ያጨበጨበው ያው አዳራሽ ነው። ያ ሁሉ ጭብጨባ ከልብ ነበር ወይስ ከእጅ ብቻ? መንገድ ሊዘጋ ሲልስ ከሬዲዮው ይልቅ የጅጋ ገበያ ሽንኩርት ሻጮች ቀድመው የሚያውቁት እንዴት ነው? ባለቤታቸው ወይዘሮ ወይኒቱ ይኸን ሲሰሙ፣ "ቢሮውን ጭነው ቤቴ አመጡት እንዴ?" ይላሉ።

ከጥያቄዎቹ ሁሉ ግን ሰላም የነሳቸው አንድ ነበር።

የሰፈሩ የሚካኤል ማህበር በየወሩ በአሥራ ሁለት ይጠጣል። አቶ መንበሩ በወጣትነታቸው ማህበርተኞቹን "የጠላ ካድሬዎች" እያሉ ያፌዙባቸው ነበር። በስተርጅና ጽዋው ዙሪያ ምን እንደሚወራ ማወቅ አማራቸው። እውነቱ ይነገር ከተባለ ማወቅ ብቻም አይደለም፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ማሳ ለማሳ ከተመላለሱላቸው ገበሬዎች መሀል እንደ እንግዳ መሞትን ፈርተው ነበር። ስለዚህ ለመግባት ጠየቁ። የማህበሩ ሕግ አጭር ነው። አዲስ ሰው ሲመጣ ሙሴ የሚባለው የማህበሩ አለቃ ይነሣና "በዚህ ሰው ቅር የተሰኘ አለ?" ይላል። አንድ ሰው እንኳ ካለ ጽዋው አይሰጥም።

ባለፈው ወር ሁሉም "የለም" ሲሉ አያ ሰይፈ ብቻ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ገበሬ፣ ዋንጫቸውን ቁልቁል እያዩ፣ "ለመጪው ወር ይደር" አሉ። በጎጃም "ይደር" ማለት "አይሆንም" ማለት እንደሆነ ማንም ያውቃል። ሁለተኛ "ይደር" ከተባለ ደግሞ ጥያቄው በዚያው ቀረ፤ ጠያቂውም ሰፈሩም ዳግመኛ አያነሡትም።

አቶ መንበሩ ነገሩን ወደ ኋላ ቆጠሩት። በሰማንያ ዘጠኙ የመሬት ሽግሽግ ጊዜ አያ ሰይፈ "ቢሮክራት" ተብለው፣ የደርግ ሹም ነበሩ በሚል፣ ከአራት ቃዳ፣ ከአንድ ሄክታር መሆኑ ነው፣ በላይ ያለው መሬታቸው ተወስዷል። መሬቱን የለኩት መንበሩ ናቸው። "እኔ ገመድ ያዝሁ እንጂ አልወሰንሁ" እያሉ ሃያ ስምንት ዓመት ኖረዋል። አሁን ግን አንድ ነገር ትዝ አላቸው። ያን ዕለት በመጋቢት ያለ ወጉ ዝናብ ጥሎ፣ የቃጫው ገመድ እየተንጠባጠበ ነበር የለኩት። ገመድ ሲርስ ይረዝማል ወይስ ያጥራል?

ጅጋ ገበያ ወርደው የቃጫ ገመድ ገዙ። በብረት ሜትር ለክተው ሃያ ሜትር ላይ ቆረጡትና የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ዘፈዘፉት።

"ደግሞ ዛሬ ገመድ ሊቀቅሉ ነው?" አሉ ወይዘሮ ወይኒቱ።

ሲያወጡትና ሲለኩት አሥራ ስምንት ሜትር ተኩል ጥቂት አለፍ ብሎ ተገኘ። ወረቀት ላይ አሰሉት። ለአያ ሰይፈ ከተተወላቸው አራት ቃዳ ላይ ከግማሽ ቃዳ የሚበልጥ መሬት ሳይታወቅ ተቆርጧል ማለት ነው። አፈሩ፤ ግን ደስም አላቸው። ኃጢአቱን በሜትር ለክቶ ያገኘ ሰው እንዲህ ሲፈነድቅ ታይቶ አይታወቅም። ለነፍስ አባታቸው ለቄስ ባንተአምላክ ሮጠው ቢነግሯቸው፣ ቄሱ፣ "ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ለባለቤቱ ይንገሩ" ብለው አሰናበቷቸው።

አያ ሰይፈን ደጃፋቸው ላይ በቆሎ ሲፈለፍሉ አገኟቸው። አቶ መንበሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ገመዱን ዘረጉና ዝናቡን፣ ልኬቱን፣ ስሌቱን አንድ በአንድ አስረዱ። ሽማግሌው በትዕግሥት ሰሟቸው።

"እርጥብ ገመድ እንዲያጥር አሁን ነው የሰሙ?" አሉ ሲጨርሱ። "በሬ ያሰረ ሁሉ ያውቀዋል እኮ። እኔም ያን ዕለት አውቄው ነበር።"

"ታዲያ ምነው ዝም አሉ?"

"ለማን ልናገር? ያችው የቀረችኝም እስከ ዛሬ አብልታኛለች። አቶ መንበሩ፣ እኔ ቅር ያለኝ በገመዱ አይደለም።" አያ ሰይፈ በቆሎውን አስቀመጡ። "ከልኬቱ ቀደም ብሎ ስብሰባ ነበር። ስሜ ከቢሮክራቶች ጋር ተነበበ። ሁለት ዓመት የገበሬ ማህበር ጸሐፊ መሆኔ ፊደል ስለቆጠርሁ ነው። ማንንም እንዳልበደልሁ አንቱ ያውቁ ነበር፤ ቤቴ እየመጡ መዝገቤን ያዩ፣ ገበታዬን ይቀርቡ ነበር። ሰብሳቢው 'የሚመሰክርለት አለ?' ሲል ዞሬ ያየሁት አንቱን ነው። ደብተርዎ ላይ አጎነበሱና መጻፍ ጀመሩ። ይኸው እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ምን ነበር የሚጽፉት?"

አቶ መንበሩ ገመዱን መጠቅለል ጀመሩ።

"ምንም" አሉ በመጨረሻ። "ፈርቼ ነው። ላለማየት ብዬ የምጽፍ መሰልሁ።"

"ምንም?"

"አንድ ቃል አልጻፍሁም።"

አያ ሰይፈ ወደ እሳቸው ዞሩ። "እኔ ደግሞ ያላወቅሁት ጥፋት ቢኖርብኝ ነው የሚጽፉት አልሁ። ማንን በድዬ ይሆን እያልሁ ስንት ዓመት ራሴን መረመርሁ። ንስሐ ስገባ እንኳ 'የማላውቀውንም በደሌን' እያልሁ ነበር።"

አቶ መንበሩ ቀና ብለው ሊያዩዋቸው አልቻሉም። ግማሽ ቃዳ ሊመልሱ ነበር የመጡት፤ ይኸኛው ግን በምን ይለካል? እንባቸው መጣ፣ አልደበቁትም።

"በሉ" አሉ አያ ሰይፈ። "የእኔ ስም የተነበበ በጉባኤ ነው። በአሥራ ሁለት ይምጡና፣ ጽዋው ከመቀዳቱ በፊት ይኸን ለእኔ ያሉትን በማህበርተኛው ፊት ቆመው ይበሉት።"

አቶ መንበሩ ሠላሳውን ማህበርተኛ በዓይነ ሕሊናቸው አዩት። ግማሹ ያን ጊዜም አዳራሹ ውስጥ ነበር።

"እላለሁ" አሉ።

"እንግዲያስ እኔም ተነሥቼ ቅሬታ የለኝም እላለሁ" አሉ አያ ሰይፈ፤ በቆሏቸውንም አንሥተው መፈልፈል ቀጠሉ።