የአብዱልመናን እግር

«ጽናቱን ይስጥሽ። አንቺማ የምትችይውን ሁሉ አድርገሻል» አለች ጎረቤቷ ወይዘሮ ታየች፣ ሰሃኑን ወደ ሀሚዳ እየገፋች። ለቅሶው ከተጀመረ ሦስት ቀኑ ነው፤ ይህን ያላላት ሰው የለም። ሀሚዳ ግን ያደረገችውን ስለምታውቅ ሰሃኑን መልሳ ገፋችው።

ባሏ አብዱልመናን ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ባለው የልብስ ሰፊዎች ማኅበር የታወቀ ሰፊ ነበር። በዘመቻው ዓመት የሚሊሺያ ልብስ ኮታ ሲመጣ፣ ስኳር በሽታ ያለበት ሰው እግሩን ያሳርፍ ያለ አልተገኘም። ጣሪያው እያፈሰሰ፣ ውሃ በተኛበት ወለል ላይ ፔዳል ሲረግጥ ከረመ። ጣቱ ላይ የወጣችው ቁስል መጀመሪያ ሽምብራ አታክልም ነበር። «ኮታው ይለቅና እታከማለሁ» ሲል ሲል፣ ሐኪም ቤት የደረሰው እግሩ ከጠቆረ በኋላ ነው።

ሐኪሙ ሀሚዳን ኮሪደር ላይ አነጋገራት።

«ቶሎ ካልተቆረጠ ለሕይወቱ ያሰጋል። ለራሱ ልንገረው፤ መወሰን ያለበት እሱ ነው።»

«ኧረ ዶክተር! ለበሽተኛ እንዲህ ያለ ነገር ይነገራል? ደግሞስ የሚያበላን እግሩ አይደለም ወይ? ፔዳሉን በምኑ ይረግጣል?»

ከወንድሟ ጋር መከረች፤ ከሽማግሌዎች ጋር መከረች። አልጋው ላይ ከተኛው ሰው በቀር ያልተማከረ አልነበረም። በመጨረሻ ሐኪሙን እንዳይነግረው ለምና፣ አይቆረጥም ብላ ፈረመች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እዚህ ግን የደበቀችው ሚስት ነበረች።

ባሏ «ሐኪሙ ምን አለ?» ሲላት፣

«በመርፌ ይድናል አለ» አለችው። አብዱልመናን ዓይኗን አየት አደረገና ሌላ አልጠየቃትም። በአምስተኛው ቀን ሞተ።

ከሰዓት በኋላ የማኅበሩ ባልደረባ ጋሽ ሁመድ መጡ። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ምንጣፉ ላይ አኖሩ።

«ልጠይቀው የሄድኩ ለት አደራ ብሎኝ ነበር። ሳላደርስለት ቀረሁ።»

ገለጠችው። ለስፌት መኪና የሚገጠም፣ እጀታው የእንጨት የሆነ የእጅ መዘውር ነው።

«‹እግሬን ሊቆርጡት ነው መሰለኝ፤ ሀሚዳ ጨንቋት ደብቃኛለች። ይቁረጡት፤ አንተ ብቻ መዘውር ፈልግልኝ፣ በእጄ እያዞርኩ እሰፋለሁ› አለኝ። ላንቺም የነገረሽ መስሎኝ ዝም አልኩ።»

ሀሚዳ መዘውሩን ይዛ ተነሣች፤ ከመጋረጃው ወዲያ ወዳለው የባሏ አልጋ ሄዳ ትራሱ ላይ አስቀመጠችው። ጠርዙ ላይ ተቀመጠች። ለቀስተኛው ሁሉ ይሰማታል፤ እሷ ግን ለሱ ብቻ፣ በቀስታ ተናገረች።

«አብዱ፣ ሐኪሙ እግርህ ይቆረጥ ይላል። አንተ ምን ትላለህ?»