የጥላው ሥራ

ልጄ ማሩ አጠገቡ ትራክተር ቢነሳ እንኳ ከእንቅልፉ አይባንንም ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው እያለ ሲመርቀኝ እኔም ኮራሁ። ሁለት ዓመት ሞልቶት "እማ" ሳይል ሲቀር ግን ጎንደር ሐኪም ቤት ወሰድኩት።

ሐኪሙ ልጅሽ አይሰማም አለኝ። ቀጥሎ እርጉዝ ሳለሽ ሕፃናት ትጠብቂ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እንዴታ! ሽንፋ ቆላ ያለው የአምራቾች ማኅበራችን ነፍሰ ጡር ሴት ሰሊጥ እንድታርም አይጨክንም፤ እርሻው ዳር ባለው ዳስ ጥላ ሥር ተቀምጣ የሌሎቹን ልጆች ትጠብቃለች። እኔም ለሀጫቸውን ስጠርግ፣ ትራፊያቸውን ስበላ፣ አፋቸውን ስስም ከረምኩ። ሐኪሙ በሕፃን ለሀጭና ሽንት የሚተላለፍ ቫይረስ አለ አለኝ። ጤነኛውን እንደ ጉንፋን ነክቶት ያልፋል፤ እንደ ካላዛር ያለ በሽታ ባደከመው ሰውና በሆድ ባለ ልጅ ላይ ግን ይበረታል። የማሩም እሱ ሳይሆን አይቀርም። ነፍሰ ጡር እጇን በሳሙና ትታጠብ ሲለኝ ሳቄ መጣ። ሳሙና ካየን ከርመናል፤ ከወንዝ በበርሜል የሚመጣው ውሃ ለመጠጥም አይበቃን።

ስመለስ ዳሱ ውስጥ የባሌን እህት አየሁሽን አገኘኋት። ሦስተኛ ወሯን ይዛለች፤ ሕፃን አቅፋ የተረፈውን ገንፎ ትልሳለች። አለማልቀሴ ጀግንነት አይደለም፤ ደክሞኝ ነው።

ሐኪሙ ያለውን ነገርኳት። ሁላችንም በለሀጭ ነው ያደግነው ብላ ሳቀችብኝ። ሸጋው የሚባለውን የማኅበሩን ሊቀመንበር እኔ ልጆቹን ልጠብቅ፣ እሷ እርሻ ትውጣ ብዬ ለመንኩት። እሱ እንደሁ የሰው ቁጥር ከሞላለት ማን ገባ ማን ወጣ ግድ የለውም፤ ተለዋወጡ አለን። አየሁሽ "ምቀኛ አታሳጣኝ" እያለች በየቤቱ አማችኝ። ሰውም የራሷ ልጅ ስለደነቆረ ቀንታ ነው አለ። ማስረዳቱ ሰለቸኝና ተውኩት።

በማግስቱ ጠዋት መኮትኮቻዋን ይዛ ፊቴ ቆመች። ፀሐዩ ገና በማለዳው ይፋጃል።

"ልጅ በሆዴ ይዤ ለዚህ ፀሐይ የሰጠሽኝን አልረሳልሽም" አለችኝ።

"አትርሺው" አልኳት። "ለልጅሽም ንገሪው። ብቻ ይስማሽ።"