ቀዩ መስመር

«ወንድሜ! ሚናስዬ! ለማን ጥለኸን ሄድክ!»

እምሩ ደረቱን እየመታ ወደ ድንኳኑ ሲገባ ለቀስተኛው ሁሉ ብድግ አለ። ማክዳ ብቻ ከፍራሹ አልተነሣችም። ከትናንቱ ቀብር ወዲህ ይህ ሦስተኛው ነው፤ ውኃ ለማስቀዳት ወይም ወንበር ለማምጣት ይወጣል፣ ሲመለስ እንደ አዲስ ያለቅሳል። ሁለት የእድር ሰዎች እጁን ይዘው አስቀመጡት።

«የአዞ እንባ» አለች ማክዳ በሆዷ።

«ተነሺ እንጂ፣ ሰው ምን ይላል?» ብለው ጎረቤቷ እትዬ አዳነች በክርናቸው ጎሸም አደረጓት።

«እግሬ ደንዝዟል።»

«አብሮ አደጉ እኮ ነው!»

«አብሮ አደግማ ነው» አለች። አባባሏ ደስ ስላላላቸው እትዬ አዳነች ወደ ንፍሯቸው ተመለሱ።

ለቅሶ ቤት ውስጥ ቂምና ሐዘን ይመሳሰላሉ። ሁለቱም አያስበሉም፣ ሁለቱም አያስተኙም። ስለዚህ ማክዳ ወንድሟ ከሞተ ጀምሮ አንድ ዘለላ እንባ አለማፍሰሷን ያየ ሁሉ «ሐዘኑ አደረቃት» አለ እንጂ፣ ሆዷ ውስጥ ምን እየተቀቀለ እንደሆነ ማንም አልጠረጠረም።

እናቷ ወይዘሮ የሺዓለም የሟቹን የሥራ ቱታ ከፍ አድርገው ይዘው ያለቅሳሉ። «ይህን ለብሶ ነበር የሚገባብኝ! እጁን በደጅ ታጥቦ፣ እማዬ ራበኝ ብሎ!» ቱታውን ሲያወዛውዙት ከኪሱ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ ወድቃ ተንከባለለች። ቀይ የጥፍር ቀለም ናት። ሴቶቹ ተያዩ። ሚስት ያላገባ መካኒክ የጥፍር ቀለም ምን ያደርግለታል?

«እጮኛ ነበረችው እንዴ?» አለች አንዷ በሹክሹክታ።

ማክዳ ጎንበስ ብላ ጠርሙሷን አነሣችና ጡቷ ሥር ሸጎጠቻት። ቀለሙ የራሷ ነበር።

ከአራት ዓመት በፊት ሚናስ ከአንድ የአትክልት ተራ ነጋዴ ያረጀች ስታርሌት ገዛ። መኪናዋ ከማክዳ በሁለት ዓመት ትበልጣለች፤ ዕድሜዋን ሙሉ የቲማቲምና የሽንኩርት ሣጥን ስትሸከም የኖረች ናት። አሥር ጊዜ ብትታጠብም ሽታው አልለቀቃትም፣ ስሟም «ሽንኩርት» ተባለ። ሚናስ ከእምሩ ጋር ከጊዮርጊስ ጀርባ በያዙት ጋራዥ ውስጥ የኋላ ወንበሯን አወጣላት፣ ሞላዋን በአጭርና በጠንካራ ቀየረላት፣ ከተጋጨ መኪና የወጣ ገላን የሚያቅፍ ወንበር ገጠመላት። ከዚያ ቁልፉን ለማክዳ ሰጣት።

«እኔ?» አለች። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት።

«አንቺ። እኔ የምሠራትን ሰው ሲነዳት ማየት ነው የምወደው።»

ለመኪና ውድድር ነበር። ውድድሩ ሀብታም መሆንን አይጠይቅም። ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ አስፋልት ሜዳ ላይ የፕላስቲክ ኮን ይደረደራል፤ መኪኖቹ አንድ በአንድ እየገቡ በኮኖቹ መሀል ይጠማዘዛሉ፤ ሰዓት ይያዝባቸዋል። ኮን የጣለ ሁለት ሰከንድ ይጨመርበታል። ማክዳ በመጀመሪያው ቀን ኮኖቹ መሀል ጠፍታ በገባችበት በኩል ወጣች። ሜዳው በሳቅ አለቀ፣ ከሁሉም በላይ የሳቀው እምሩ ነበር። ሚናስ ግን አልሳቀም። እጇን ይዞ ሜዳውን ሦስት ጊዜ በእግር አዞራት። «መጀመሪያ በእግርሽ ንጂው» አላት። «እዚህ ጋ ፍሬን። እዚህ ጋ መሪውን ቀድመሽ።»

ማክዳ ካየቻቸው መካኒኮች ሁሉ እሱ ብቻ የሚያደርገው አንድ ነገር ነበር። የጎማዎቹን ዳዶዎች አጥብቆ ሲጨርስ፣ የእሷን የጥፍር ቀለም ከቦርሳዋ ያወጣና ከእያንዳንዱ ዳዶ ተነሥቶ ቸርኬው ላይ የሚያልቅ ቀጭን መስመር ያሰምራል።

«ዳዶው ከላላ ይዞራል። ከዞረ መስመሩ ይሰበራል። መስመሩ ከተሰበረ አትነጂም። አለቀ።»

በሦስተኛው ዓመት ማክዳ የሚቀድማት ጠፋ። እምሩ እንኳን፣ ያቺን ብርማ ቪትዙን ይዞ፣ ሁለተኛ መውጣት ለመደ። የዓመቱ መዝጊያ ውድድር ዋዜማ ሚናስ ከሽንኩርት ሥር ተኝቶ ብዙ ቆየና ፊቱን ሳይጠርግ ወጣ።

«የቀኙን ጎማ የሚይዘው ብራቾ ተሰንጥቋል። ነገ ብንቀርስ?»

«በይደው!»

«ብየዳ አይታመንም፣ ማኪ።»

«ፈሪ ሆንክብኝ። አንተ እንቢ ካልክ ሌላ ሰው ይበይድልኛል።»

በየደው። እምሩ ብረቱን ይዞለት ነበር። ስለዚህ በማግስቱ ፈታሹ አቶ አስገዶም ሌላ ነገር ሳያዩ በቀጥታ ከቀኙ የፊት ጎማ ሥር ተንበርክከው ብየዳውን በጣታቸው ሲዳስሱት፣ ማክዳ ሰው ለመቁጠር አልተቸገረችም። ብየዳውን የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ናቸው። አንዷ እሷ ናት፣ አንዱ ወንድሟ ነው።

«ይቺ መኪና ዛሬ አትገባም» አሉ አቶ አስገዶም። ዋንጫውን እምሩ ወሰደ።

«እምሩ ነው አይደል?» ብላ ጮኸች በመመለሻቸው። ሚናስ መንገዱን እያየ ማርሽ ቀየረ። «እናቴ ትሙት፣ የጠቆመብንን ሰው ዕድሜ ልኬን ይቅር አልለውም! እንደ ሥራው ሳልሰጠው ብቀር እናቴ ትሙት!»

ከዚያ የሚናስ ኩላሊት ታመመ። ሽንኩርት ጋራዥ ውስጥ አቧራ ጠጣች። ማክዳ ዓመቱን ሙሉ ለእምሩ የእግዜር ሰላምታ አልሰጠችውም፤ የወንድሟ ገላ በተመናመነ ቁጥር ለዚያ ጠቋሚ ያላት ጥላቻ ደነደነ። ሕመሙን ያመጣው እሱ እንዳልሆነ ታውቃለች። ግን ኩላሊትን ማን ይበቀለዋል?

በቀብሩ ማግስት፣ ዓርብ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ድንኳኑ ውስጥ አንድ የጋራዥ ሰው ሳህኑን ይዞ እምሩን ሲጠይቀው ሰማች።

«እሁድ ውድድሩ እንዴት ሆነ? ትቀራለህ?»

«አልቀርም። ለሚናስ ብዬ ነው የምነዳው» አለ እምሩ። «ዋንጫውን መቃብሩ ላይ አደርገዋለሁ።»

የማክዳ ጆሮ ጮኸ። አዋርዶት ሲያበቃ ደግሞ በስሙ ዋንጫ ሊወስድ! ነጠላዋን ተከናንባ «ንፋስ ልቀበል» ብላ ወጣች። እምሩ ከሐሙስ ጀምሮ የሚያድረው ድንኳኑ ውስጥ ነው፤ ቪትዙ ከቆርቆሮው አጥር ጀርባ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። የመኪናዋ በር እንደማይቆለፍ ታውቃለች። ከመኪናዋ ኋላ የጎማ ቁልፍ አወጣች፣ ከቀኙ የፊት ጎማ ጎን ተቀመጠች። የቸርኬውን ክዳን አንሥታ አራቱንም ዳዶዎች በጣት እስኪዞሩ ድረስ አላላቻቸው፣ ክዳኑን መልሳ ገጠመችው። ቀኝ የፊት ጎማ፣ እንደ ሽንኩርት።

አይሞትም አለች ለራሷ። ሜዳው ላይ ከሁለተኛ ማርሽ የሚያልፍ የለም። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ጎማው ይንገዳገዳል፣ ሰው ፊት ይዋረዳል፣ በቃ። ሜዳው ድረስ በምን መንገድ እንደሚሄድ፣ ከጎኑ ማን እንደሚቀመጥ አላሰበችም። ቂም የያዘ ሰው የሚያየው የሚወድቀውን ብቻ ነው። ተመልሳ ፍራሿ ላይ ስትቀመጥ ከሐሙስ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ንፍሮ ዘግና በላች።

«ተመስገን፣ እህል ቀመሰች» አሉ እትዬ አዳነች።

ቅዳሜ ሠልስቱ ነው። ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን፣ መቃብሩ ዘንድ ለመሄድ ቤተ ዘመዱ በጠዋት ተነሣ። ማክዳ ፊቷን ታጥባ ስትወጣ እናቷ ቪትዟ ውስጥ ከፊት ተቀምጠው አገኘቻቸው። እምሩ በሩን እየዘጋላቸው ነበር።

ማክዳ ሮጣ በሩን ያዘች። «እማዬ፣ በሌላ መኪና እንሂድ!»

«የምን ሌላ መኪና? የእድሩ ሚኒባስ ጢም ብሏል።»

«ታክሲ እጠራለሁ።»

«እምሩ እያለ? ልጄ እኮ ነው።»

«በሬ ካራጁ ይውላል አሉ!» አለች ማክዳ። «ልጅሽን ሰው ፊት ያዋረደውን ነው ልጄ የምትዪው?»

እምሩ አንገቱን ደፋ። ወይዘሮ የሺዓለም ልጃቸውን ትኩር ብለው አዩና «እምሩዬ፣ ጧፉን ረስቼዋለሁ፤ አምጣልኝ እስኪ» አሉት።

«እሺ እማማ» ብሎ ሄደ።

«ስሚኝ» አሉ እናቷ። «ለአቶ አስገዶም የነገራቸው ሚናስ ነው።»

«ማን?»

«ወንድምሽ። ሐኪም ቤት ተኝቶ ራሱ ነገረኝ። ብየዳው እንቅልፍ ነስቶት በማለዳ ቤታቸው ሄዶ፣ እባክዎ አያስገቧት፣ እኔን አትሰማኝም አላቸው። እምሩ ነው ያደረሰው። ኋላ አንቺ በእኔ ስትምዪ ፈራ። ያን ጊዜ ነው እምሩ፣ 'እኔ ነኝ ብላ ታስብ ተዋት፤ እኔን ብትጠላኝ አንድ ቤት አናድርም፣ አንተ ግን ወንድሟ ነህ' ያለው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሠልስቴ ሳይደርስ እንዳትነግሪያት ብሎ አስምሎኝ። ዛሬ ደረሰ። አንቺን እንቢ ማለት አይችልም ነበር። ከሕፃንነትሽ ጀምሮ።»

ማክዳ ከእናቷ እግር አጠገብ ያለውን ጎማ አየች። ከዚህ ተነሥቶ የቸርችል ቁልቁለት ነው። እናቴ ትሙት ያለችበት አፏ መረራት።

«ውረጂ።»

«ምን ሆንሽ?»

«እማዬ፣ ውረጂ በማርያም!»

ጎትታ አወረደቻቸው። የጎማ ቁልፉን ከመኪናዋ ኋላ አምጥታ፣ በሐዘን ልብሷ አቧራው ላይ ተንበረከከች፣ ክዳኑን ገንጥላ ወዲያ ጣለችው። ዳዶዎቹ በጣቷ ዞሩ። ቀና ስትል እምሩ ጧፉን ይዞ ቆሟል።

«ትናንት ነው» አለች። «እኔ ነኝ።»

እምሩ ጎማውን አየ፣ እማማ የሺዓለምን አየ፣ ቁልቁለቱን አየ። ፊቱ አመድ መሰለ። የሚጮህ መስሏት ጠበቀችው፤ ቢመታትም አትከላከልም ነበር። ጧፉን መኪናው ጣራ ላይ አስቀመጠና አጠገቧ ቁጢጥ አለ፤ ጎማውን በሁለት እጁ ደግፎ ያዘላት።

«አቋርጠሽ አጥብቂ» አላት ቀስ ብሎ። «መጀመሪያ የላዩን፣ ከዚያ የታቹን።»

አጠበቀች። ከዚያ ጠርሙሷን ከጡቷ ሥር አወጣች። ክዳኑ ደርቆ እንቢ ስላላት በጥርሷ ከፈተችው።

«ኧረ በስመ አብ! በወንድሟ ሠልስት የጥፍር ቀለም!» አሉ እትዬ አዳነች ከድንኳኑ በር ላይ።

ማክዳ አልሰማቻቸውም። ከእያንዳንዱ ዳዶ ወደ ቸርኬው አንዳንድ ቀጭን መስመር አሰመረች። አራተኛው ጠመም አለ። ጠርሙሷን ለእምሩ ሰጠችው።

«ነገ ሜዳ ከመግባትህ በፊት እያቸው» አለችው። «መስመሩ ከተሰበረ አትነዳም።»

«አለቀ» አለ እምሩ።

እናቷን ከኋላ አስቀምጣ እሷ ከፊት፣ ከእምሩ ጎን ገባች። ቸርችል ላይ የመጀመሪያው መብራት ሲይዛቸው በሩን ከፍታ ወረደችና ጎንበስ ብላ ጎማውን አየች። አራቱም መስመሮች ደህና ናቸው። ተመልሳ ገብታ በሩን ዘጋች። ሁለተኛው መብራት ላይም ከፈተች፤ ሦስተኛው ላይ ግን እንባዋ ጋርዷት መስመሮቹ አልታይ ስላሏት በጣቷ አንድ በአንድ ዳሰሰቻቸው። አረንጓዴው በርቶ ከኋላ ያሉት መኪኖች ክላክስ እያደረጉ ይጮኹባቸው ጀመር። እምሩ በሩን እስክትዘጋ ጠበቃት።